ለሥራ ባልደረባ ደግ መሆን፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከእሁድ ጉባኤ በኋላ፣ በቡና ሰዓት፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ይነሳሉ። ጠያቂዎቹ የቢሮ ሠራተኞች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ነርሶች ናቸው፤ ኦርቶዶክስም አለ፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም። በድሬ ወግ አንተ፣ አንቺ እየተባባልን እንነጋገር።

ለባልደረባ ደግ መሆን ከየት ይጀመራል?

ከራስህ ሥራ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፈገግታን፣ ቡና መጋበዝን፣ የልደት ኬክን ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ከዚያ የሚቀድም አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ ስፌት መስመር ላይ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ ቀጥላ ያለችው ጎኑን ትዘጋለች፣ ሦስተኛዋ ጠርዙን ታጥፋለች። የመጀመሪያዋ ቸኩላ አጣማ ብትሰፋ ሁለተኛዋ ያንን መፍታት አለባት፤ ስትፈታ ጊዜ ይሄዳል፣ ጊዜ ሲሄድ የዕለቱ ኮታ ይጎድላል፣ ኮታው ሲጎድል ቁጣ የሚደርስባት ጥፋት የሌለባት ልጅ ናት። እዚያ መስመር ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ደግነት ስፌቱን ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ ነው።

ሌላም ሥራ ላይ ያው ነው። ነርስ ከሆንሽ የበሽተኛውን ካርድ በሚነበብ ጽሑፍ ሞልተሽ ለተረኛዋ ማስረከብ፤ የመጋዘን ሠራተኛ ከሆንክ ቆጠራውን ሳታስተካክል ቁልፉን አለመስጠት። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች «ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ» ብሎ የጻፈው ስለ ዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በሥራ ሰዓት ለጸሎት ብሎ ወጥቶ የሚቆይና ወረፋውን ሁሉ ለጓደኛው ጥሎ የሚሄድ ሰው ጸሎቱ ለጓደኛው ሸክም ሆኖበታል። ይህን ደጋግመን እናያለን፤ ሊታረም ይገባል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለሥራ ቦታ ምሳሌ የሚሆን ሰው አለ?

አለ፤ ቦዔዝ። መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 በአንድ የሻይ እረፍት አንብቦ የሚጨረስ ነው። ቦዔዝ ባለ እርሻ ነው። ከቤተ ልሔም መጥቶ አጫጆቹን ሲያገኝ የመጀመሪያ ቃሉ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» የሚል ነበር፤ እነርሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለው መለሱለት። ስለ ምርቱ ገና አልጠየቀም። ከዚያ ሩትን አየ። ሞዓባዊት ናት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ከአጫጆች ኋላ እየተከተለች ቃርሚያ ትለቅማለች። ጎልማሶቹ እንዳይነኳት አዘዘ። ሲጠማት እነርሱ ከቀዱት ውሃ እንድትጠጣ ነገራት። በምሳ ሰዓት ወደ ማዕዱ ጠርቶ የተጠበሰ እሸት ሰጣት፤ በልታ ጠገበች፣ አተረፈችም።

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ለሠራተኞቹ ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት፣ ስትለቅምም እንዳይገሥጿት አዘዛቸው። ሩት ማታ ወደ ቤቷ የወሰደችው እህል በገዛ ላቧ የለቀመችው ነው። እርዳታ መሆኑን አላወቀችም፤ ማንም ፊቷ ላይ «ረዳንሽ» አላላትም። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሪፖርት አበላሽቶ ሲያመጣ አለቃው ፊት ሳይደርስ አብሮት ቁጭ ብሎ ማስተካከል፣ ሲመሰገንም ምስጋናውን ለእሱ መተው ከዚህ የተቀዳ ነው።

«እንዳይነኳት አዘዘ» የሚለውንም እንዳንዘለው። የማታ ፈረቃ ላይ ወጣት ሴት ልጅ በኃላፊዋ ወይም በባልደረባዋ ስትተነኮስ አይቶ ፊቱን ወደ ሌላ የሚያዞር ክርስቲያን ደግ ሊባል አይችልም። ሰርቪሱ ድረስ አብሮ መሸኘት፣ ለሚመለከተው ቀርቦ መናገር፣ ካስፈለገም መመስከር የደግነት ሥራ ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለውም ደግነት ይህ ነው።

አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ለእነሱ ምን ላድርግ?

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች ጎን ለጎን የሚሠሩባት ናት። ከዚራ ሰፈርም ሆነ መጋላ፣ ቢሮውም ሱቁም ድብልቅ ነው። ስለዚህ ነገሩ አዲስ ትምህርት አይፈልግም፤ ማስተዋል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከምግብ እንጀምር፤ ቅሬታ የሚበዛው እዚያ ነውና። እኛ ያረድነውን ሥጋ እነሱ አይበሉም፤ አብዛኛው የእኛ ሰውም እነሱ ያረዱትን አይበላም። ይህ በሁለቱም በኩል የታወቀ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው መዘንጋቱ ነው። ለሽኝት ወይም ለምርቃት ዝግጅት ገንዘብ ከሁሉም ይሰበሰብና ለአንዱ ወገን ብቻ ተሠርቶ ይመጣል፤ ሌላው ለስላሳ ይዞ ጥግ ይቀመጣል። አዘጋጅ ስትሆን መጀመሪያ ጠይቅ። በጉን የሚገዛና የሚያርድ ሙስሊም ባልደረባ አብሮህ እንዲያዘጋጅ አድርግ፤ ድስቱና ቢላው ይለይ። አለበለዚያ ከሥጋ ውጪ የሆነ ነገር ሁሉንም ያስማማል፤ የምስር ሳምቡሳ፣ ፉል፣ ፍራፍሬ። እኛ በጾም ሰዓት የምንበላውን ማንም ይበላዋል። «በመብል ምክንያት የእግዚአብሔርን ሥራ አታፍርስ» የሚለው የሮሜ መልእክት ቃል በቀጥታ ስለ ሌላ ክርክር የተጻፈ ቢሆንም ለእኛም ይናገራል።

ረመዳን ላይ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች የነገሩኝን ላካፍል። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጿሚው ማሽኑን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ተምሩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ጆሮው አዛን ላይ ነው። አጠገቡ ያለው ክርስቲያን ሳይጠየቅ መጥቶ «ሂድ፣ እኔ አለሁ» ይለዋል። ልጁ ተምሩን በልቶ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ ሰግዶ ይመለሳል። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን ያ ሩብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይረሳም። የእኛ ሁዳዴ ሲመጣ ደግሞ ምሳ ሳንበላ ስንውል ያ ልጅ በተራው ከባዱን ሥራ ያነሳልናል።

የበዓል ፈረቃ መለዋወጥም አለ። በፋሲካ፣ በገና፣ ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እነሱ ይገባሉ፤ በኢድና በአረፋ እኛ እንገባለን። ኢድ በጨረቃ ስለሚወሰን አንድ ቀን ሊገፋ ይችላል፤ «እኔ የተስማማሁት ለትናንት ነበር» ብሎ ድርቅ ማለት የሰጠኸውን መልሶ መንጠቅ ነው። አርብ በጁምዓ ሰዓት ስብሰባ አትጥራ። ለኢድ ቤታቸው ስትጠራ ሂድ። ሥጋውን ካልበላህ ገና ስትገባ በፍቅር ንገራቸው፤ ሻዩንና ጣፋጩን ብላ፣ እናቲቱን አመስግን፣ ልጆቹን አጫውት።

ስለ እምነቴ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ጴጥሮስ «በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ» ካለ በኋላ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ ጨምሯል። ሲጠይቁህ መልስ፤ አትሸሽ፣ አትፈር። ሳይጠይቁህ ግን ሰውን በወረቀት ክምር መካከል ይዘህ አትስበክ። አለቃ ከሆንክ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ ሥሩ ያለ ሠራተኛ «አልፈልግም» ማለት ስለማይችል የሰማህ ይመስላል እንጂ አልሰማህም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ደግነትን ወደ ጉባኤ ለመጥሪያ ማጥመጃ ማድረግ ትክክል አይደለም። ሰውዬው ታሞ ጠየቅኸው፣ ብር አበደርከው፣ ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ «እንግዲህ እሁድ ትመጣለህ» ብትለው ያደረግህለት ሁሉ ዋጋ እንደነበረው ይገባዋል። ክርስቶስ ለምጻሞቹን አሥሩንም ነው ያነጻው፤ የተመለሰው አንድ ብቻ ነበር። ዘጠኙን ለምጻቸውን መልሱ አላላቸውም።

በተረፈ መዝሙር በስልክ ስፒከር ከፍተህ ቢሮውን ሁሉ አታሰማ። በጆሮ ማዳመጫ ይበቃል።

ደሞዝ እስኪወጣ አበድሪኝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እምቢ ማለት ኃጢአት ነው?

ጌታ «ለሚለምንህ ስጥ፥ ከአንተም ይበደር ዘንድ ከሚወደው ፈቀቅ አትበል» ብሏል፤ ቃሉን አናለሳልሰውም። ግን የልጆችሽን የትምህርት ቤት ክፍያ አውጥተሽ ስጪ ማለት አይደለም። ብዙዎችን የረዳ መንገድ ይህ ነው፦ ባይመለስም ልብሽን የማያሳዝነው ገንዘብ በወር ስንት እንደሆነ አስቀድመሽ ወስኚ፤ ባለ ትዳር ከሆንሽ ከባለቤትሽ ጋር። እስከዚያ ድረስ ለጠየቀሽ ስጪ። ከዚያ በላይ ሲሆን ዕለቱን «የለኝም» በይ። ነገ ዛሬ እያልሽ ሰውን ማንከራተት ከእምቢታ የከፋ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚጠይቅበትን ቀን ወሰድሽበት።

ገንዘብ ባይኖርሽም ሌላ መንገድ ሊኖርሽ ይችላል። እቁብ ካላችሁ ተራሽን መልቀቅ ትችያለሽ። የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ማመልከቻውን አብረሽ ሙይለት።

ያበደርሽውን ሰው በሰው ፊት አታስታውሺው። «ያቺ ነገርስ?» ብሎ ቡና ላይ መጠየቅ ሁሉም እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ካልመለሰ ለብቻው ጠይቂው፤ ከሌለው ልቀቂለት፣ ከለቀቅሽለት በኋላም ለማንም አታውሪ።

አርፍዳ ለምትመጣ ጓደኛዬ ብፈርምላት ደግነት አይደለም?

አይደለም። ሁለታችሁም ዋሽታችኋል፤ በሰዓቱ የመጡትንም በድላችኋል። ለምን እንደምታረፍድ ግን ጠይቂያት። ልጅ የምታደርስ ከሆነ፣ ከሳቢያን ሰፈር ትራንስፖርት የምታጣ ከሆነ፣ እናቷ ታመው ከሆነ አብረሻት ኃላፊው ጋ ግቢና የመግቢያ ሰዓቷ እንዲስተካከል ለምኚላት። ከመፈረም ይከብዳል፤ ግን በየቀኑ ከመሳቀቅ ያድናታል። ንብረት የሚወስድ ባልደረባ ላይም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ለብቻው ንገረው፣ እንዲመልስ ዕድል ስጠው፣ ካልሰማ ግን አትደብቅለት። ጥበቃው ወይም የመጋዘን ሠራተኛው ባልወሰደው ዕቃ ደሞዙ ሲቆረጥ ዝም ማለት ለሌባው ደግ፣ ለንጹሑ ጨካኝ መሆን ነው።

በቡና ሰዓት ሐሜት ይበዛል። ትቼ ልነሳ?

ሁልጊዜ መነሳት አያስፈልግም፤ ተነሥተሽ ብትሄጂ የሚቀጥለው ርዕስ አንቺ ነሽ። ስለሌለው ሰው አንድ እውነተኛ መልካም ነገር ተናግረሽ ጨዋታውን ቀይሪው። «እሷ እኮ እኔ ስታመም ሥራዬን የያዘችልኝ ናት» ስትይ ብዙ ጊዜ ይበርዳል። ካልበረደ ያኔ ተነሺ።

ከሰዓት ባልደረቦቼ ይቅማሉ። እኔ አልቅምም። እንዴት ልሁን?

አትቃም፤ ግን አትናቃቸው። ጫት ከአወዳይ ሲገባ ከተማው ሁሉ የሚንቀሳቀስበት አገር ነን፤ በርጫ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ውሃህን ይዘህ ጥቂት ብትቀመጥና ብትጫወት የሚጎድልብህ የለም። ሥራ ከተበደለ ግን ስለ ሥራው ተናገር፤ ስለ ጫቱ ስብከት አያስፈልግም።

አለቃ ነኝ። ለሠራተኞቼ ደግ ልሁን ብል ከየት ልጀምር?

ሕግ የሰጣቸውን በመስጠት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው። የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት ከክፍያ ጋር 3 የሥራ ቀናት ያገኛል። አባት ልጅ ሲወለድለት 3 ተከታታይ ቀናት፤ እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀናት። ይህን ፈርመህ ስትሰጥ ውለታ የዋልክ አይምሰልህ። ባለመብት ሰው እጅ እንዲነሳህ የምትጠብቅ ከሆነ በደግነት ስም ራስህን ከፍ እያደረግህ ነው።

ደሞዝም እንደዚሁ። ዘዳግም 24 የድሃው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ በዕለቱ ይሰጠው ይላል፤ ያዕቆብ ደግሞ የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ብሏል። ለቀን ሠራተኛ «ቅዳሜ ና» ብለህ ቅዳሜ ቢሮ ዘግተህ ከሄድክ የዚያ ቤት እሁድ ምን እንደሚመስል አስብ።

ከዚያ በኋላ ደግነት ይመጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ሙቀት የታወቀ ነው፤ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ጥላ አለው? ውስጥ ካለው ማቀዝቀዣ የሚቀዳው ውሃ ለእሱም ይደርሳል? የጽዳት ሠራተኛዋ እናትህ ዕድሜ ከሆኑ «አንቺ» እያልክ አትጥራቸው፤ እትዬ ብለህ ስማቸውን ጥራ፤ ስማቸውንም ካላወቅህ ዛሬ ጠይቅ። ክረምት ላይ ደግሞ ተራራውን እይ። ድሬ ደረቅ ሆና ሳለ ከላይ የሐረርጌ ደጋ ላይ ከዘነበ ደቻቱ ወንዝ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ወንዙ ዳር ቤት የነበራቸው የሥራ ሰዎች ዛሬም በተራራው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ልባቸው አይረጋም። በዚያ ቀን «ቤትሽ ወንዝ ዳር ነው፣ ቀደም ብለሽ ሂጂ» የሚል አለቃ ሠራተኛውን ያውቃል ማለት ነው።

ባልደረባ ሐዘን ሲደርስበት ምን ይደረግ?

ፈጥነህ ሂድ። ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ነው፤ «ከሥራ በኋላ» ካልክ አልፎህ ይሆናል። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ መቃብር ስለማይሄዱ ቤት ቁጭ በይ፤ ራስሽን በሻሽ ሸፍኚ። የተለየ ቃል ጠፍቶኛል ብለሽ አትጨነቂ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለትሽን ሁሉም ይረዱታል። ክርስቲያን ከሆነም እስከ ሠልስት አትጥፋ። «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» የሚለው ትእዛዝ አብሮ መቀመጥን እንጂ ንግግርን አይጠይቅም።

የሚረሳው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውዬው በአራተኛው ቀን ሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የተከማቸ ወረቀት ይጠብቀዋል። ያንን ወረቀት ሳይመጣ በፊት ያቃለለለት ባልደረባ ከድንኳኑ ሰው ሁሉ በላይ ረድቶታል። ከወር በኋላም፣ ሌላው ሲረሳ፣ «ዛሬስ እንዴት አደርክ?» በለው። ዓይኑ ቢሞላ ስብሰባውን እኔ እገባልሃለሁ በለው።

ሥራውን እየጣለብኝ፣ ከኋላዬም እየከሰሰኝ ያለ ሰው አለ። ለእሱም ደግ ልሁን?

ሁለቱን ለይተን እንያቸው። ሥራውን የሚጥልብህ ከሆነ ንገረው። ማቴዎስ 18 «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል፤ በቴሌግራም ግሩፕ አይደለም፣ በሦስተኛ ሰው በኩልም አይደለም። «ይህ ሪፖርት የአንተ ነው፤ ሦስት ወር እኔ ሠራሁት፤ ከሚቀጥለው ወር አልሠራም፤ ካልቻልክ ግን አሳይሃለሁ» ማለት ክርስትናን አይቃረንም። ዝም ብሎ ተሸክሞ ውስጥ ውስጡን መቃጠል ግን ይቃረናል፤ አንድ ቀን ይፈነዳልና። ካልሰማህ ኃላፊውን አሳውቅ፤ ሥርዓቱ የተሠራው ለዚህ ነው።

የሚከስህን በተመለከተ ደግሞ ዘጸአት 23 ላይ የምወደው ትእዛዝ አለ፤ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ ትተኸው አትለፍ፣ አብረኸው አንሣ ይላል። ውደደው ወይም ሳቅለት አላለም፤ አህያውን አንሣ ነው ያለው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ሲዘጋ የዚያ ሰው ፋይል ቢጠፋና ሌሊቱን ሊያድር ቢሆን፣ አንተ ኮፒ ካለህ አውጣና ስጠው። ከዚያ በኋላ መክሰሱን ባይተውም ያደረግኸው ትክክል ነው። ማስረጃ ያለህን በደል ደግሞ በሚመለከተው ክፍል በኩል መጠየቅ መብትህ ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ሥራ ልለቅ ነው። ከመሄዴ በፊት ምን ላድርግ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። የምትሠራውን ነገር በወረቀት ጻፍ፦ የትኛው ሪፖርት በስንት ቀን እንደሚላክ፣ የትኛው አቅራቢ በምን ስልክ እንደሚገኝ፣ ያ የሚያስቸግር ማተሚያ እንዴት እንደሚነሳ። የይለፍ ቃሎቹን ለተረካቢው አስረክብ፣ ቁልፉን አስፈርመህ ስጥ። የተበደርከውን መልስ፤ እቁብ በልተህ ከሆነ የቀረውን መክፈያ ሳታስተካክል አትውጣ፣ ዋስ የሆነልህ ሰው አለና። ከተቀያየምከው ጋር ታረቅ፤ ሽማግሌ ካስፈለገ ጥራ። ተተኪህ ከመጣ ጥቂት ቀን አብረኸው ተቀመጥ፤ ስልክህንም ስጠው፣ ሲደውልም አንሣለት።